ስለ ጊታር ትምህርት፤ ቅኝት ከኮርድ ይቅደም

የሙያ ሁሉ ትምህርት ደረጃ አለው። ፊደል ሳይለይ ዳዊት ልድገም የሚል ሕፃን፣ ጾመ ድጓውን ሳያጸና ወደ ዝማሜና ወደ መረግድ ልግባ የሚል ተማሪ ቢገኝ ጓደኞቹ ይስቁበታል እንጂ እሺ ብሎ የሚቀበለው መምህር የለም። በጊታር ትምህርት ግን ይህ የሚያስቀው ነገር የዘወትር ልማድ ሆኖ ይታያል። ወጣቱ መሣሪያውን በብዙ ብር ገዝቶ ወደ ቤቱ ባገባበት በዚያው ቀን የኮርድ ሥዕል ያለበትን ወረቀት ይፈልጋል፤ ነጥብ ከተደረገበት ቦታ ላይ ጣቱን ያኖራል፤ ሦስት ኮርድ ባወቀ በሁለተኛው ሳምንት የዘፈን አጃቢ ለመሆን ይነሣል። አውታሮቹ እርስ በርሳቸው መስማማት አለመስማማታቸውን የሚመረምርለት የለም፤ እርሱም ራሱ መመርመር እንደሚገባው አልተነገረውም።

በዚህ መንገድ የጀመረ ሰው ከሁለት ነገር አንዱ ይደርስበታል። አንዱ፣ የጣቱ ጫፍ ሲቆስልና ድምፁ አልጠራ ሲለው መሣሪያውን ከግድግዳ ሰቅሎ ስጦታው የለኝም ማለት ነው። ይህ ጉዳቱ ለገንዘቡ ብቻ ነው፤ ጣቱም ቶሎ ይድናል። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያሳዝናል። በርትቶ የቀጠለው ወጣት እጁ ይፈጥናል፤ ሰውም ያጨበጭብለታል፤ ዳሩ ግን ጆሮው በሦስት ኮርድ ውስጥ ስለ ተቀረጸ፣ አባቶቹ በክራር የለዩትን ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አንዱን ከአንዱ መለየት ይሳነዋል። የአምባሰልን ዜማ ሲያጅብ ከዜማው ውስጥ የሌለ ድምፅ ከሥሩ ያነጥፍበታል፤ ያነጠፈው ድምፅ እንግዳ መሆኑንም አይሰማውም።

ስለዚህ የትምህርቱ ተራ መለወጥ ይገባዋል። አስቀድሞ ቅኝት፣ ከቅኝቱ ጋር የድምፆቹ መሰላልና ምት ይምጡ፤ ኮርድ ከሁሉ በኋላ ይከተል።

ይህ የዘፋኞች ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፈው ሹም ቢኖር፣ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባለው ትምህርት በመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ መግባቱን ያስታውስ። በዚህ ትምህርት ስም መሣሪያ የሚገዛው፣ መምህር የሚቀጠረው፣ መጽሐፍ የሚታተመው በእርሱ ፊርማ ነው። ካህናቱም ነገሩ ከማኅሌት ውጭ ነው ብለው ፊታቸውን እንዳያዞሩ ያስፈልጋል። ዳዊት በሳኦል ፊት በገና ሲደረድር የሚያውቀውን የዕለት ልምምድ ያላደረገ እጅ ይዞ አልቀረበም። ይልቁንም በዚህ አገር ዜማን በሥርዓትና በደረጃ የማስተማር ጥበብ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በቀር ከወዴትም አልተገኘም፤ የጊታር መምህራን ከየኔታ ሊማሩት የሚገባ ብዙ ነገር አለ።

ጊታር ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በእስፓንያ ነው። በአልሜሪያ አገር የተወለደው አንቶንዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የመሣሪያውን ሆድ አስፍቶ፣ የውስጡን የእንጨት ድጋፍ አስተካክሎ፣ የአውታሩን ርዝመት ወደ 65 ሳንቲ ሜትር ግድም ወስኖ ሠራው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሠሪዎች አብዛኛዎቹ የእርሱን ፈለግ ተከትለዋል። አውታሮቹ ስድስት ናቸው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲቆጠሩ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ።

እነሆ፣ የኮርዱን ወረቀት የያዘው ወጣት ያላየው ነገር ከዚህ ላይ ነው። እነዚህ ስድስት አውታሮች አንድም ጣት ሳይነካቸው የሚሰጡት ድምፅ አምስት ዓይነት ነው፤ ሚ ሁለት ጊዜ ተደግሟልና። አምስቱን ከሶል ጀምሮ በተራቸው ቢያሰልፏቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ። ይህ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ሜጀር የሚባለው ትዝታ ነው፤ ምንም አልጎደለውም፣ ምንም አልተጨመረበትም። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሚ ጀምሮ ቢያሰልፏቸው ደግሞ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ይሆናሉ፤ ይህም ማይነር የሚባለው ባቲ ነው። ከእስፓንያ የመጣው እንግዳ መሣሪያ ማንም ሳያዘው ትዝታንና ባቲን በአውታሩ ተሸክሞ ገብቷል ማለት ነው። ታዲያ ተማሪው በመጀመሪያው ቀን ጣቱን በወረቀት ሥዕል ላይ ከሚያሠቃይ፣ እነዚህን ክፍት አውታሮች አንድ በአንድ እየነካ የሚያውቀውን ዜማ ቢፈልግባቸው እንዴት ይሻለው ነበር! የክራር ተማሪ የሚጀምረው እንዲሁ ነው።

ለዚህ ግን አውታሩ በእውነት የተቃኘ መሆን አለበት። መቃኘትን ሰዎች ከትምህርቱ በፊት የሚደረግ የአገልጋይ ሥራ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን ራሱ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። የታወቀው ዘዴ እንዲህ ነው። በጊታር አንገት ላይ የብረት መስመሮች ተተክለዋል፤ ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው እርምጃ ግማሽ ድምፅ ይባላል። ስድስተኛውን፣ ማለት ወፍራሙን አውታር፣ በአምስተኛው መስመር ላይ ሲጫኑት የአምስተኛውን ክፍት አውታር ድምፅ ይሰጣል፤ አምስተኛው ለአራተኛው፣ አራተኛውም ለሦስተኛው እንዲሁ ያደርጋሉ። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሲያልፉ ብቻ አምስተኛው መስመር ቀርቶ አራተኛው ይያዛል። ከዚያ ሁለተኛው ለመጀመሪያው እንደገና በአምስተኛው መስመር ይመራዋል። ሁለት አውታሮች አንድ ድምፅ ለመሆን ሲቀራረቡ በመካከላቸው እንደ ማዕበል የሚንቀጠቀጥ ነገር ይሰማል፤ እየተስማሙ ሲሄዱ ማዕበሉ ይዘገያል፤ ሲገጥሙ ፈጽሞ ጸጥ ይላል። ያን ጸጥታ መስማት የተማረ ልጅ የሙዚቃውን ግማሽ ተምሯል።

በዛሬው ጊዜ በስልክ ውስጥ የሚገኝ የቅኝት መለኪያ አለ፤ መርፌው ከመካከል ሲቆም አረንጓዴ ያበራል። ለመድረክና ለችኮላ ጊዜ ይጠቅማል፤ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእርሱ ብቻ የሚቃኝ ተማሪ በዓይኑ ቃኘ እንጂ በጆሮው አልቃኘም፤ የስልኩ እሳት ባለቀ ጊዜ ደንቆሮ ሆኖ ይቀመጣል። መጀመሪያ በጆሮ ይቃኝ፤ ቀጥሎ በመለኪያው ስሕተቱን ይመርምር።

ከዚህ ጋር አንድ ስውር ነገር ሊነገር ይገባል። የጊታር የብረት መስመሮች የተተከሉት አንድ ድምፅ ከዝቅታው እስከ ከፍታው ያለውን ርቀት በአሥራ ሁለት እኩል ግማሽ ድምፆች ከፍሎ በማደላደል ነው። አሥራ ሁለተኛው መስመር አውታሩን ከእኩሌታው ላይ ይከፍለዋል። ይህ ድልድል ከየትኛውም ድምፅ ተነሥቶ ለመጫወት ያመቻል፤ ሆኖም ዋጋ ያስከፍላል። ለምሳሌ ከሶል እስከ ሲ ያለው ርቀት በጊታር መስመር ሲለካ፣ ጆሮ ንጹሕ ነው ከሚለው የተፈጥሮ ርቀት በግማሽ ድምፅ ሰባተኛ ክፍል ያህል ይሰፋል። በገና ደርዳሪና ክራር መቺ በጆሯቸው ስለሚቃኙ ያን ርቀት እንደ ልባቸው ያጠራሉ፤ የጊታር ተጫዋች ግን ብረቱ አስሮታል። አንዱን ኮርድ ፈጽሞ ያማረ ለማድረግ አውታሩን ቢያላላ ሌላው ኮርድ ይጎመዝዛል። ክራርን አስቀድሞ የሰማ ልጅ ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ሁለቱንም እንደየጠባያቸው ያከብራል። ክራርን ሳይሰማ ጊታርን ብቻ የሰማ ግን የክራሩን ቅኝት የተሳሳተ ይመስለዋል። ይህ አሳብ በአንድ ትውልድ ልብ ውስጥ ከገባ ማስወጣቱ አይቀልም።

መሣሪያን ከውጭ የተቀበለ ሕዝብ ሁሉ ከነቅኝቱ አልተቀበለውም። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ወዳሉት የሃዋይ ደሴቶች ጊታር የገባው በ1830ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሜክሲኮ በመጡ ከብት ጠባቂዎች እጅ ነው። የአገሩ ሰዎች መሣሪያውን ወደዱት፤ ዳሩ ግን የእስፓንያው ቅኝት ለዜማቸው አልተመቻቸውም። ስለዚህ አንዳንዱን አውታር እያላሉ በራሳቸው መንገድ ቃኙት፤ ስሙንም ኪ ሆአሉ አሉት፤ ቁልፍን ማላላት ማለት ነው። ከእነዚህ ቅኝቶች አንዱ የታወቀው ሬ፣ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ የሚለው ነው፤ ስድስተኛው፣ አምስተኛውና የመጀመሪያው አውታር እያንዳንዱ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ሲል ይገኛል። ቅኝቶቹ እንደ ቤተሰብ ርስት ከአባት ወደ ልጅ በምሥጢር ይተላለፉ ነበር። የውጭው መሣሪያ በሃዋይ ዜማ ላይ ጌታ አልሆነበትም፤ ሎሌ ሆኖ አገለገለው።

ለኢትዮጵያ ዜማ ይህን ማድረግ ከዚያ አይከብድም። ከተለመደው የጊታር ቅኝት ላይ አራተኛውን አውታር ከሬ ወደ ዶ፣ ሦስተኛውን ከሶል ወደ ፋ፣ ሁለቱን በአንድ በአንድ ሙሉ ድምፅ ቢያላሏቸው ክፍት አውታሮቹ ሚ፣ ላ፣ ዶ፣ ፋ፣ ሲ፣ ሚ ይሆናሉ። ከሚ ጀምሮ ሲሰለፉ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፤ ይህ አምባሰል ነው። ከላ ጀምሮ ሲሰለፉ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፤ ይህም ማይነር የሚባለው ትዝታ ነው። ከዚሁ ላይ እንደገና አራተኛውን አውታር በግማሽ ድምፅ ከፍ፣ ሁለተኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርጉት ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ቢሞል፣ ዶ ዲየዝ ይገኛሉ፤ አንቺ ሆዬ ማለት እርሱ ነው። ከመነሻው ቅኝት በላይ የተወጠረ አንድም አውታር ስለሌለ ይበጠሳል የሚል ሥጋት የለም። መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ በሦስት መቃኛዎች መዞር ብቻ አራቱን ስሞች ከነሥራቸው ለልጆቹ ሊያሳያቸው ይችላል።

የድምፅ መሰላል፣ ስኬል የሚሉት፣ ከዚህ ይወለዳል። በዚህም ላይ የሚታይ ስሕተት አለ። ስኬልን እንደ ጣት ሩጫ ቆጥረው ወደ ላይና ወደ ታች በፍጥነት መመላለስን ብቻ የሚያጠኑ ብዙ ናቸው። ከላይ እንደ ተነገረው ግን ትዝታና ባቲ በአንድ ዓይነት አምስት ድምፆች ሊሠሩ ይችላሉ፤ አምባሰልና ማይነሩ ትዝታም እንዲሁ። የሚለያቸው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው። ሶል ላይ ሲያርፍ ትዝታ የሆነው ሚ ላይ ሲያርፍ ባቲ ይሆናል። ስለዚህ መሰላሉን የሚሮጥ እንጂ የሚያርፍበትን የማያውቅ እጅ አንዱን ቅኝት ከሌላው ሳይለይ መቶ ዓመት ሊሮጥ ይችላል። በልምምድ ጊዜ የማረፊያውን ድምፅ በአውራ ጣት በወፍራሙ አውታር ላይ እያስጮሁ፣ ከላዩ አራቱን ድምፆች አንድ በአንድ እየነኩ ወደ ማረፊያው መመለስ ከሁሉ ይበልጣል። በመጀመሪያ በአንድ አውታር ላይ ብቻ፣ ርቀቱ ለዓይንም እንዲታይ፤ ቆይቶ ከአውታር ወደ አውታር በማለፍ።

ስለ ጣት አያያዝም ጥቂት ይበቃል። የግራ እጅ ጣት ከብረት መስመሩ ላይ ሳይሆን ከኋላው ተጠግቶ ይጫናል፤ እንዲህ ሲሆን ጥቂት ጉልበት ይበቃዋል። የቀኝ እጅ ጠቋሚና የመካከል ጣት እንደ ሁለት እግር ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ሁለት ጊዜ አይደግምም። የእጅ ጅማት ሲያም ማቆም ግዴታ ነው። የጣት ጫፍ መጠንከርና የእጅ ጅማት መታመም አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የሥራ ምልክት ነው፣ ሁለተኛው የስሕተት። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመቀመጥ በየዕለቱ ግማሽ ሰዓት መሥራት እጅግ ይሻላል። የአብነት ተማሪ ቀን ከመምህሩ የተቀበለውን ማታ ይቀጽላል፤ ነገ ከመቀጠሉ በፊት የትናንቱን ያሰማል፤ ይህን ሥርዓት የቀኑ ትምህርት በሌሊት ዕረፍት እንደሚጸና የሚናገሩ የዛሬ ሐኪሞች ሳይኖሩ አባቶች ያውቁት ነበር።

ምትን በሚመለከት ደግሞ ከአቋቋም ትምህርት የተሻለ ምሳሌ መፈለግ ድካም ነው። በአቋቋም አንዱ ቃል አስቀድሞ በቁም ይባላል፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ሰውነት ዜማውን ይለካዋል። ከዚያ ከበሮው በዝግታ ይገባል፤ መረግዱ ይከተላል፤ በመጨረሻ ጽፋቱ ሲፈጥን እጅ ይጨበጨባል። ያው ቃል ነው፤ ያው ዜማ ነው፤ ፍጥነቱ ግን የመጣው ቃሉና ዜማው ከጸኑ በኋላ ነው። የጊታር ተማሪ ከዚህ የሚወስደው ግልጥ ነው፤ በዝግታ ያልተስተካከለ ነገር በፍጥነት አይስተካከልም፤ ይሸፈናል እንጂ። ሜልሰል የተባለ ሰው በ1815 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መብቱን ያስከበረበት ሜትሮኖም የሚባለው ምት ቆጣሪ መሣሪያ ለዚህ ያገለግላል፤ ዛሬ በስልክም ይገኛል። ከሌለም እግር አለ፤ ጓደኛም ካለ ከበሮ ይምታለት።

በኢትዮጵያ ዘፈን ውስጥ የበዛው ችክችካ የሚባለው ምት በስድስት ይቆጠራል። ስድስቱ ሁለት ጊዜ ሦስት ሆነው፣ ማለት አንድና አራት ላይ እየከበዱ፣ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሦስት ጊዜ ሁለት ሆነውም፣ ማለት አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ እየከበዱ፣ ሊሄዱ ይችላሉ። የምቱ ጣዕም ሁለቱ አካሄዶች አንድ ላይ ሲገናኙ ነው። ተማሪው የግራ እጁን በስድስቱም አውታሮች ላይ ሳይጫን በቀስታ ያሳርፍ፤ አውታሩ ድምፅ ሳይሰጥ እንደ ደረቅ ከበሮ ይንኳኳለታል። እግሩ አንድንና አራትን ይምታ፤ ቀኝ እጁ መጀመሪያ ከእግሩ ጋር ይሂድ፤ ከጸና በኋላ እግሩ ሳይለወጥ እጁ ወደ አንድ፣ ሦስትና አምስት ይሻገር። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ዓመት የተጫወቱ ሰዎች ሲሞክሩት እግራቸው እጃቸውን ተከትሎ ሲጠፋ ይታያል። ክራር መቺ ግን ይህን ዓይነት ሥራ ከጥንት ያውቀዋል፤ ስድስቱን አውታር በአንድ ጊዜ ሲገርፍ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ የሚፈልገውን ብቻ ይለቀዋል። የጊታር ግራ እጅ በመጫን ይናገራል፤ የክራር ግራ እጅ በመልቀቅ። አንዱን ያወቀ ሌላውን ቶሎ ይለምደዋል።

የውጭ ሊቃውንትም ቢሆኑ እጅን ለመግራት ኮርድ በማብዛት አላመኑም። የጣልያኑ ተወላጅ ማውሮ ጁልያኒ በ1812 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቪየና ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ለቀኝ እጅ 120 ልምምዶች አስፍሯል። ግራ እጁ በእነዚያ ሁሉ ልምምዶች የሚይዘው ሁለት ኮርድ ብቻ ነው፤ የቀኝ እጁ አመታት ግን 120 ጊዜ ይለዋወጣል። ሊቁ ሌላ ኮርድ ስላላወቀ አይደለም፤ የተማሪው አሳብ በግራ እጅ እንዳይባክን ብሎ ነው። የዛሬው ወጣት የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሃያ ኮርድ በአንድ ዓይነት አመታት።

አሁን ወደ ኮርድ ይመጣል። ኮርድ ማለት ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ድምፆች አብረው ሲመቱ ነው። የአውሮፓ ሙዚቃ በዚህ ላይ ትልቅ ሕንጻ ሠርቷል፤ የሚናቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ዜማ ግን በአንድ መስመር የሚሄድ ነው፤ መሣሪያውም ዜማውን ይከተላል፣ ያስጌጣል እንጂ ከሥሩ ሌላ ድምፅ አይደረድርም። ለጀማሪ የሚሰጡት ሦስት ኮርዶች ብዙ ጊዜ ሶል፣ ዶና ሬ ናቸው። የሶል ኮርድ በሶል፣ ሲ፣ ሬ ይሠራል፤ ሦስቱም በትዝታው ውስጥ አሉ። የዶ ኮርድ ግን ዶን ያመጣል፤ የሬ ኮርድ ፋ ዲየዝን ያመጣል፤ ሁለቱም ከሶል በተነሣው ትዝታ ውስጥ የሉም። ቅኝቱ ዐውቆ ባዶ የተወውን ቦታ ኮርዱ ሞልቶ ያልፋል። ትዝታን ትዝታ ያሰኘው ግን ያ ባዶ ቦታ ጭምር ነው። በዶና በሬ ኮርድ ፈንታ ማይነር የሚባለውን የሚ ኮርድ ቢይዝ ሚ፣ ሶል፣ ሲ ያገኛል፤ ሦስቱም የቤቱ ልጆች ናቸው። ጣት አያያዙም ከሌሎቹ ሁሉ ይቀልላል፤ ሁለት ጣት ይበቃዋል።

አንቺ ሆዬ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ይገለጣል። ከሚ በተነሣው አንቺ ሆዬ ውስጥ ሲ የለም፤ ያለው ሲ ቢሞል ነው። ሶልም የለም፣ ሶል ዲየዝም የለም። በማረፊያው በሚ ላይ ኮርድ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ድምፆች ከሚ በቀር አንዳቸውም አልተገኙም ማለት ነው። የላ ኮርድ፣ ላ፣ ዶ ዲየዝ፣ ሚ፣ በድምፆቹ ሲቆጠር ይገባል፤ ነገር ግን ማረፊያውን ከሚ ነጥቆ ለላ ይሰጠዋል፤ ዘፋኙ ሚ ላይ ሲያርፍ አጃቢው ገና መንገድ ላይ ያለ ያስመስለዋል። ብልህ ተጫዋች በዚህ ጊዜ ሁለቱን የሚ አውታሮች ክፍት አስጩሆ በቀሩት ላይ ዜማውን ይከተላል፤ ኮርዱንም ይተወዋል። ኮርድን መቼ መተው እንደሚገባ ማወቅ ኮርድ ከማወቅ የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ሥዕል አልተሣለለትም።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያዎቹ፣ ልጅ ቶሎ ደስ ካላለው ይተወዋል፣ ኮርድ ቶሎ ያስደስታል ይላሉ። እውነት አላቸው። ደስታ የሌለበት ትምህርት በሦስተኛው ሳምንት ይሞታል። ነገር ግን ከላይ የተነገሩት ሁለቱ ኮርዶች፣ የሶልና ማይነሩ የሚ፣ በትዝታም በባቲም ሳይበድሉ ያገለግላሉና የሚቸኩለው ልጅ በእነርሱ ይደሰት፤ ሦስተኛው ጆሮው እስኪነቃ ይቆየው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎችና ባንዶች ቅኝትን ከኮርድ ጋር አዋሕደው አምረውበት የለምን ብለው ይጠይቃሉ። አምረውበታል። ዳሩ ግን እነዚያ ሰዎች ጊታር ከመያዛቸው በፊት ክራርና ማሲንቆ ሲሰሙ ያደጉ ነበሩ፤ ከቅኝቱ ሲወጡ መውጣታቸውን ያውቁ ነበር፤ መመለሻውንም አልረሱም። ዛሬ የሚያስፈራው ከቤት ሳይገባ የወጣ ልጅ ነው።

የቀረው የመሥሪያ ቤቶች ነገር ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በአርመኖች ገዳም አርባ ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። መለከቱን ብቻ አልገዙም፤ ልጆቹን ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር አስመጡ። ያ መምህር በ1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል የተሰማውን የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ ደረሰ። መለከቱ ያለ መምህሩ ቢመጣ ኖሮ ከአንድ ዕቃ ቤት ውስጥ ዝጎ በቀረ ነበር።

በዛሬው የግዥ ልማድ ግን ዕቃ መግዛት መምህር ከመቅጠር ይቀልላል፤ ዕቃ በደረሰኝ ይወራረዳል፣ በመዝገብ ይገባል፣ ለጎብኚም ይታያል። ስለዚህ የጊታር ብዛት የሥራ መለኪያ ሆኖ ይቀርባል። ለአንድ ትምህርት ቤት ሃያ ጊታር ከመግዛት ስድስት ጊታር፣ ስድስት ክራር፣ አንድ ከበሮና አንድ መምህር ይበልጣል፤ ሂሳቡም ቢሠራ የጠፋው የአሥራ አራቱ ጊታር ዋጋ ለመምህሩ ደመወዝ መነሻ ይሆናል። መምህሩም የግድ ባለ ዲፕሎማ የጊታር አዋቂ ብቻ መሆን የለበትም። በየአውራጃው ቅኝትን በጆሮው የያዘ ክራር መቺ አለ፤ የምስክር ወረቀት ስለሌለው ብቻ ከበር መመለስ የለበትም። በሳምንት ሁለት ቀን ለቅኝትና ለምት እየመጣ በዕለት ክፍያ ቢያስተምር፣ በአዲስ አበባ ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣው ወጣት መምህር ደግሞ ጽሕፈቱንና የጊታሩን እጅ ቢያስተምር፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

የሚገዛውም ጊታር ከሣጥኑ ሲወጣ የአንገቱ ቅንነት፣ የመስመሮቹ ትክክለኛነትና የመቃኛዎቹ ጥንካሬ በሚያውቅ ሰው ይመርመር። አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ የተያዘው አውታር ከክፍቱ ጋር ሳይስማማ የሚቀርበትን መሣሪያ ማንም ሊቃኘው አይችልም፤ ልጁ በራሱ ጆሮ ላይ ያለውን እምነት ከማጥፋት በቀርም ጥቅም የለውም፤ ወደ ሻጩ ይመለስ። በግዥው ትእዛዝ ላይ መለዋወጫ አውታር አብሮ ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ጊታር ቢያንስ ሁለት ሙሉ ሙሉ ድርድር፤ የመጀመሪያው አውታር በመጀመሪያው ወር ይበጠሳልና።